የመዛግብት ሙያን የት ልማር? የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶቻችን

በዚህ እትም በሁለት ተቀራራቢ ሙያዎች ዙሪያ የደረሱንን ጥያቄዎች ሰብስበናል። እነሱም የመዛግብት ሥራና ታሪክን ለሕዝብ የሚያቀርበው ዘርፍ፣ ማለትም ፐብሊክ ሂስትሪ የሚባለው ናቸው። የመዛግብት ባለሙያ ሰነድ ይረከባል፣ ያደራጃል፣ ዝርዝር ያዘጋጅለታል፣ ከጥፋት ይጠብቀዋል። የፐብሊክ ሂስትሪ ባለሙያ ደግሞ በሙዚየም፣ በዐውደ ርእይ፣ በቅርስ ቦታና በቃለ መጠይቅ ስብስብ አማካይነት ታሪኩን ወደ ሰው ያደርሳል። ሁለቱ ጎረቤታሞች ቢሆኑም ትምህርታቸው ይለያያል፤ ከደብዳቤዎቹ እንዳየነው አብዛኛው ግራ መጋባት የሚመጣው ከዚህ ነው።

ጥያቄ (ከደሴ)፦ በታሪክ የመጀመሪያ ዲግሪ አለኝ፤ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተምራለሁ። በመዛግብት ላይ መሥራት እፈልጋለሁ። ሁለተኛ ዲግሪዬን በታሪክ ልቀጥል ወይስ ወደ ኢንፎርሜሽን ሳይንስ ልዙር?

መልስ፦ አስቀድመው በምን ዓይነት ሰነድ ላይ መሥራት እንደሚፈልጉ ይወስኑ፤ የትምህርት ክፍሉን የሚመርጥልዎ እሱ ነው። ልብዎ ብራና ላይ ከሆነ ፊሎሎጂ፣ ማለትም የጥንታዊ ጽሑፎች ጥናት ይግቡ፤ ግእዝ ሳያነቡ የብራና ካታሎግ ማዘጋጀት አይቻልም። የመሥሪያ ቤት ፋይል፣ የፍርድ ቤት መዝገብ፣ የግለሰብ ደብዳቤ ከሆነ ታሪክ ጥሩ መሠረት ነው። ኮምፒውተር ውስጥ የተወለደ ሰነድና ዲጂታል ማከማቻ ከሆነ ግን ኢንፎርሜሽን ሳይንስ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሦስቱንም በሁለተኛ ዲግሪ ያስተምራል። በየትኛውም ቢያመለክቱ የትምህርት ሚኒስቴር የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ስላለ ዝግጅቱን ቀደም ብለው ይጀምሩ።

የታሪክ ማስተርስ መዝገብን መጠቀም ያስተምራል። መረከብን፣ ማደራጀትን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የትኛው ሰነድ ለዘለቄታው ይቆይ፣ የትኛው ይወገድ የሚለውን ውሳኔ አያስተምርም። በታሪክ ከቀጠሉ ይህን ክፍተት በራስዎ መሙላት አለብዎ። ጥሩው መንገድ የመመረቂያ ጽሑፍዎን ርዕስ አንድ ያልተዘረዘረ የሰነድ ክምችት ላይ ቁጭ ብለው በሚሠሩበት መልኩ መምረጥ ነው። ከጽሑፉ ጎን ለጎን የተጠቀሙበትን ክምችት ዝርዝር ያዘጋጁ፤ የፋይል ቁጥር፣ ርዕስ፣ ከመቼ እስከ መቼ፣ ስንት ቅጠል። ይህ ከ15 እስከ 20 ገጽ የሚሆን ዝርዝር ለቀጣሪ ከጽሑፉ የበለጠ ይናገራል፤ ለቤተ መዛግብቱ አንድ ቅጂ ሲሰጡም በሩ ሁለተኛ ጊዜ በቀላሉ ይከፈትልዎታል።

ተማሪዎች እዚህ ላይ በተደጋጋሚ የሚሳሳቱት አንድ ነገር አለ። በስልክ 600 ፎቶ ያነሳሉ፣ ከወር በኋላ የትኛው ገጽ ከየትኛው ፋይል እንደመጣ ማንም አያውቅም፤ ያልታወቀ ገጽ ደግሞ በግርጌ ማስታወሻ አይጠቀስም። ፈቃድ ካገኙ በኋላ መጀመሪያ የፋይሉን ሽፋን ያንሱ፣ ከዚያ ገጾቹን በቅደም ተከተል፣ ባዶውን የጀርባ ገጽ ሳይቀር። ማታ ቤት ሲገቡ ፎቶዎቹን በፋይል ቁጥሩ በተሰየመ ፎልደር ያስገቡ። ወደ ብሔራዊው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት (ወመዘክር) ም ሆነ ስድስት ኪሎ ወደሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሲሄዱ የትምህርት ክፍልዎን የትብብር ደብዳቤ ይያዙ፤ ደብዳቤው «ለጥናት» ብቻ ከሚል የርዕሱንና የዘመኑን ስም ቢጠራ ሠራተኛው ምን እንደሚያወጣልዎ ወዲያው ያውቃል።

ወደ ኢንፎርሜሽን ሳይንስ የሚዞሩ የታሪክ ምሩቃን በብዛት የሚቸገሩት በመጀመሪያው ሴሚስተር፣ በዳታቤዝና በፕሮግራሚንግ ኮርሶች ነው። ከመግባትዎ በፊት ባሉት ሦስት ወራት ኤክሴልን በደንብ፣ የዳታቤዝ መጠየቂያ ቋንቋ የሆነውን ኤስ.ኪው.ኤልን በመጠኑ ይለማመዱ። ሠንጠረዥ ውስጥ አንድ ዓምድ አንድ ዓይነት መረጃ ብቻ መያዝ እንዳለበት የገባው ሰው ግማሹን መንገድ ሄዷል።

ብራናን ለሚመርጡ አንድ ምክር እንጨምር። በሚኒሶታ ኮሌጅቪል የሚገኘው የሂል ቤተ መጻሕፍት ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከኢትዮጵያ ተቋማት ጋር በማይክሮፊልም ያስነሳቸው የብራና መጻሕፍት ካታሎግ አለ፤ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ዕድሜያቸውን የሰጡበት ሥራ ነው። ከዚያ ውስጥ ጥቂት መግለጫዎችን ወስደው እንዴት እንደተገነቡ ይመርምሩ፤ መጠኑ፣ የቅጠሉ ብዛት፣ ዓምዱ፣ መስመሩ፣ በኅዳጉ የተጻፈው የባለቤትነት ማስታወሻ። ከዚያ አጠገብዎ ያለ አንድ ብራና ወስደው፣ በባለቤቶቹ ፈቃድ፣ በዚያው መልክ ይጻፉ።

ጥያቄ (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)፦ ከኢትዮጵያ በታሪክ ዲግሪ ይዤ ነው የመጣሁት፤ አሁን ዜግነት አለኝ፤ ቀን ቀን እሠራለሁ። ምኞቴ ናሽናል አርካይቭስ (የአሜሪካ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት) ተቀጥሮ መግባት ነው። የላይብረሪ ሳይንስ ማስተርስ ይሻላል ወይስ የፐብሊክ ሂስትሪ?

መልስ፦ ዩኒቨርሲቲዎቹን ከማየትዎ በፊት የሥራ ማስታወቂያዎችን ይዩ። ሊቀጠሩበት የሚፈልጉትን ዓይነት 20 ማስታወቂያ ይሰብስቡና የሚጠይቁትን ዲግሪ ይቁጠሩ። የዩኒቨርሲቲና የላይብረሪ አርካይቮች በአብዛኛው የሚጠይቁት በአሜሪካ ላይብረሪዎች ማኅበር እውቅና ካለው ፕሮግራም የተገኘ የላይብረሪና ኢንፎርሜሽን ሳይንስ ማስተርስ ነው፤ አንዳንዶቹ «ወይም በታሪክ ማስተርስ ከአርካይቭ ኮርሶች ጋር» ይላሉ። ሙዚየሞችና የታሪክ ቦታዎች ወደ ፐብሊክ ሂስትሪ ያደላሉ። በ1936 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የአሜሪካ አርካይቪስቶች ማኅበር ለትምህርት ፕሮግራሞች መመሪያ ያወጣል እንጂ እውቅና አይሰጥም፤ «በአርካይቪስቶች ማኅበር እውቅና ያገኘ» የሚል ማስታወቂያ ካዩ ይጠንቀቁ።

እርስዎ ያሉበት ቦታ ለዚህ ትምህርት ከምርጦቹ አንዱ ነው። ኮሌጅ ፓርክ ያለው የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ የላይብረሪ ማስተርሱን በ36 ክሬዲት ይሰጣል፤ ከታሪክ ማስተርስ ጋር አጣምሮ የሚሰጠው ደግሞ 54 ክሬዲት ነው። የናሽናል አርካይቭስ ትልቁ ሕንፃ ያለው እዚያው ካምፓሱ አጠገብ ነው። ዲሲ ውስጥ አሜሪካን ዩኒቨርሲቲ በፐብሊክ ሂስትሪ ማስተርስ አለው፤ ኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲም አርካይቭና ፐብሊክ ሂስትሪን በታሪክ ክፍሉ ውስጥ አንድ ላይ ያስተምራል። ለእርስዎ ዓላማ ጥምሩ ዲግሪ ጥሩ ነው፤ ጊዜና ገንዘብ ካጠረዎት ግን የታሪክ ዲግሪ ስላለዎት የላይብረሪው ብቻ ይበቃል፤ የአርካይቭ ኮርሶቹን በሙሉ እስከወሰዱ ድረስ።

አሁን ወደ ምኞትዎ እንምጣ፤ ከኢትዮጵያ የመጡ የታሪክ ምሩቃን ሳያውቁት የሚወድቁበት ጉድጓድ ያለው እዚህ ነው። የፌዴራል መንግሥቱ የአርካይቪስት የሥራ መደብ፣ ቁጥሩ 1420 የሆነው፣ ዲግሪ ብቻ አይበቃውም። በዲግሪው ውስጥ 18 የሴሚስተር ክሬዲት በአሜሪካ ታሪክ ወይም በአሜሪካ ፖለቲካና መንግሥት፣ በተጨማሪም 12 ክሬዲት በታሪክ፣ በኢኮኖሚክስ፣ በፖለቲካ ሳይንስ፣ በሕዝብ አስተዳደርና በመሳሰሉት ይጠይቃል። ስለ አድዋ፣ ስለ ዘመነ መሳፍንት፣ ስለ አፍሪካ ታሪክ የወሰዷቸው ኮርሶች ለ12ቱ ያገለግላሉ፣ ለ18ቱ ግን አይቆጠሩም። ብዙ ሰው ማስተርሱን ጨርሶ፣ አመልክቶ፣ «ብቁ አይደሉም» የሚል መልስ ሲመጣለት ነው ይህን የሚያውቀው።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። የኢትዮጵያ ዲግሪዎን እውቅና ባለው ገምጋሚ ድርጅት ኮርስ በኮርስ ያስገምግሙ፤ ጠቅላላ ግምገማው ክሬዲቶቹን ስለማይዘረዝር ለዚህ አይጠቅምም። የጎደለውን በ3 ክሬዲት ኮርሶች ይሙሉ፤ 18 ክሬዲት ማለት 6 ኮርስ ነው። ሞንትጎመሪ ኮሌጅን በመሰለ የአካባቢ ኮሌጅ የአሜሪካ ታሪክና መንግሥት ኮርሶች ከዩኒቨርሲቲው እጅግ ባነሰ ዋጋ ይገኛሉ፤ ማታ ወይም በኦንላይን ከሥራዎ ጋር ይሄዳሉ። ከማስተርሱ በፊት ቢጀምሯቸው የተሻለ ነው። እስከዚያው የአርካይቭ ቴክኒሺያን መደብ፣ 1421፣ ይህን የኮርስ ቅድመ ሁኔታ ስለማይጠይቅ መግቢያ በር ሊሆንዎት ይችላል።

ክፍያን በተመለከተ፣ ለነዋሪ የሚደረገውን ቅናሽ ለማግኘት በሜሪላንድ ቢያንስ 12 ተከታታይ ወር መኖርዎን በሰነድ ማሳየት አለብዎ፤ የኪራይ ውል፣ የግብር ወረቀት፣ መንጃ ፈቃድ ያዘጋጁ። የረዳትነት ሥራ ያገኘ ተማሪ የትምህርት ክፍያው ይቀርለታል፤ ግን አብዛኛው የቀን ሥራ ነው።

ፕሮግራም ሲያወዳድሩ ከስሙ ይልቅ የልምምዱን ጥራት ይጠይቁ። አንድ የ3 ክሬዲት ልምምድ ብዙ ጊዜ ከ120 እስከ 150 ሰዓት ነው። ተማሪው በእነዚህ ሰዓታት ምን ሠርቶ ይወጣል? መልሱ «ስካን ያደርጋል» ከሆነ ሌላ ቦታ ይፈልጉ። መቶ ሰዓት ስካነር ላይ መቆም የሚያስተምረው ትንሽ ነው። ትክክለኛው ልምምድ አንድ ትንሽ ክምችት ከቅኝት እስከ ዝርዝር መግለጫ በራስዎ እጅ ማድረስ ነው፤ ይህን ከአሠሪው ጋር በጽሑፍ ይስማሙ። ልምምድ በሥራ ሰዓት ስለሚሆን ለአሠሪዎ ከስድስት ወር በፊት ያሳውቁ።

ከአዲስ አበባ ተመሳሳይ ጥያቄ ለላኩልን ደግሞ፦ ሙሉ በሙሉ ኦንላይን የሆነ ፕሮግራም የተማሪ ቪዛ አያሰጥም። በቪዛ ሄደው ከካምፓስ ውጭ ልምምድ ሲያደርጉ ደግሞ ከመጀመርዎ በፊት ሲ.ፒ.ቲ. የሚባለው የተማሪ ልምምድ ፈቃድ፣ ዩኒቨርሲቲው ለቪዛ በሚሰጥዎ የአይ-20 ፎርም ላይ መስፈር አለበት። ክፍያ የሌለው ልምምድ ነው ብለው ሳይጠይቁ እንዳይጀምሩ፤ የዓለም አቀፍ ተማሪዎች ቢሮውን አስቀድመው ያነጋግሩ።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)፦ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ለዓመታት ሠርቻለሁ። ሰው ሥራውን እንደ ተራ ነገር ነው የሚያየው። ለውጭ ትምህርት ሳመለክት ይህ ልምድ ይቆጠርልኛል?

መልስ፦ በደንብ ይቆጠራል፤ አጻጻፉን ካወቁበት። «ፋይል አስቀምጣለሁ» ብለው ከጻፉ ማንም አያይዎትም። የሚሠሩት የሪከርድ አስተዳደር ነው፤ ዓለም አቀፍ ደረጃም አለው፣ አይ.ኤስ.ኦ. 15489። በማመልከቻዎ ስንት ፋይል እንደሚያስተዳድሩ፣ በዓመት ስንት ገቢና ወጪ ደብዳቤ እንደሚመዘገብ፣ የፋይል ቁጥር አሰጣጡ እንዴት እንደተዋቀረ፣ ያለፈበት ፋይል ወዴት እንደሚሄድ ይጻፉ። በአገራችን አዋጅ ቁጥር 179/1991 ስለ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት የሚለውንም አንብበው መሥሪያ ቤትዎ ከአዋጁ አንጻር የት ላይ እንዳለ በአንድ አንቀጽ ያስረዱ።

ሌላው ሰው ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የሚማረውን እርስዎ በእጅዎ ያውቁታል። አንድ ደብዳቤ ይውሰዱ። ከላይ ቁጥርና ቀን አለው፣ ከታች ቲተርና ክብ ማኅተም፣ ከዚያ በታች ግልባጭ። ጥጉ ላይ ደግሞ ኃላፊው በእስክሪብቶ የመሩበት መስመር አለ፤ ለማን እንደተመራ፣ ምን እንዲደረግ፣ በየትኛው ቀን። ታሪክ አጥኚው ብዙ ጊዜ የታተመውን ብቻ ያነባል። ውሳኔው ግን ያለው ጥጉ ላይ ነው። ፋይሉ በርዕስ ይስተካከል ተብሎ ደብዳቤዎቹ ከቦታቸው ሲነሱ፣ የትኛው ምሪት የትኛውን መልስ እንዳስከተለ የሚያሳየው ሰንሰለት ይበጠሳል፤ ቁጥር የሌለው አባሪማ ከነጭራሹ ባለቤት ያጣል። የመዛግብት ትምህርት የሰነዱን ምንጭና የመጀመሪያ ቅደም ተከተል ጠብቁ የሚለው ለዚህ ነው። ይህን በማመልከቻ ደብዳቤዎ በአንድ ምሳሌ ቢያስረዱ ብዙ የታሪክ ምሩቃንን ይቀድማሉ። የመሥሪያ ቤትዎን ሰነድ ግን በናሙናነት አያያይዙ፤ ለዚያ ሥልጣን የለዎትም።

ጥያቄ (ከፍራንክፈርት)፦ ማኅበራችን የቀድሞ ስደተኞችን ታሪክ በድምፅ መቅዳት ይፈልጋል። በ1980ዎቹ የተጀመረ ቃለ ጉባኤም አለን፤ ኮምፒውተር ላይ ያለው ግን ሲከፈት ትርጉም የለሽ ምልክት ነው። ይህን ለመሥራት ዲግሪ ያስፈልጋል?

መልስ፦ ለመጀመር አያስፈልግም። እንደ ሙያ ለመያዝ ከፈለጉ ጀርመን ውስጥ የታወቀው ቦታ የማርቡርጉ የአርካይቭ ትምህርት ቤት ነው፤ ትምህርቱ በጀርመንኛ ስለሆነ ቋንቋው ይቅደም።

ቀረጻውን በዋቭ ፋይል፣ 48 ኪሎኸርዝ፣ 24 ቢት ያድርጉት፤ በአንድ ማይክ አንድ ሰዓት ግማሽ ጊጋባይት ገደማ ይይዛል። ኤም.ፒ.3 ለመላክ እንጂ ለማቆየት አይሆንም። ማይኩ ከአፍ አንድ ስንዝር ገደማ ይራቅ፤ ፍሪጅ ያለበት ክፍል አይቅዱ። ቡና ማፍላት አረጋውያንን ያዝናናል፣ ነገር ግን የሲኒው ኳኳታ የሰው ስምና የቦታ ስም ይውጣል፤ ቡናው ከቀረጻው በፊት ወይም በኋላ ይሁን። አንድ ሰዓት ድምፅ ወደ ጽሑፍ ለመገልበጥ ከ6 እስከ 8 ሰዓት ይመድቡ። ብዙ ማኅበራት 40 ሰው ቀድተው አንዱንም ሳይገለብጡ ይቀራሉ፤ 10 ሰው ቀድቶ መጨረስ ይበልጣል።

ፈቃዱን ሁለት ጊዜ ይጠይቁ፤ ከቀረጻ በፊት በድምፅ፣ ሰውየው የተናገሩትን ካዳመጡ በኋላ በፊርማ። ቅጹ ምርጫ ይስጥ፤ አሁኑኑ ክፍት ይሁን፣ ከተወሰነ ዓመት በኋላ ይከፈት፣ ስም ተሸፍኖ ይቅረብ። በአውሮፓ የግል መረጃ ጥበቃ ሕግ የፖለቲካ አቋም፣ ሃይማኖትና ብሔር ልዩ ጥበቃ አላቸው፤ የስደት ታሪክ ደግሞ ሦስቱንም ይነካል። ተናጋሪው ስለ ቀይ ሽብር ሲያወሩ የሌላ ሰው ስም በክፉ ቢያነሱ፣ ያ ሰው ወይም ልጆቹ በሕይወት ሊኖሩ ይችላሉ። ያንን ክፍል ዘግቶ ማቆየት ይቻላል፤ መሰረዝ ግን አይገባም። ቅጂውን የሚረከባችሁን ተቋም ከመቅዳታችሁ በፊት አነጋግሩ፤ የራሱ ቅጽ አለውና።

ስለ ቃለ ጉባኤው አይደንግጡ። የኢትዮጵያ ፊደል ወደ ዩኒኮድ፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቁጥር ወደሚሰጠው ዓለም አቀፍ የኮምፒውተር ደረጃ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለረጅም ጊዜ፣ እንደ ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ ያሉ ፎንቶች በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ ነበር የሚቀመጡት፤ ፎንቱ ሲጠፋ ጽሑፉ ምልክት ይሆናል። ዋናውን ፋይል ሳይነኩ አንድ ቅጂ ይውሰዱ። ፎንቱን ፈልገው ይጫኑና መጀመሪያ ለረጅም ጊዜ ማቆያ ወደተዘጋጀው የፒ.ዲ.ኤፍ. ዓይነት፣ ፒ.ዲ.ኤፍ.-ኤ፣ ይቀይሩት፤ ይህ መልኩን ይጠብቃል። ቀጥሎ በመቀየሪያ ወደ ዩኒኮድ ያዙሩና ከፒ.ዲ.ኤፍ.ው ጋር መስመር በመስመር ያስተያዩ፤ ዲቃላ ፊደላት፣ የግእዝ ቁጥሮችና ነጥቦች በመጀመሪያ የሚሳሳቱት ናቸው። ሦስቱንም ፋይል አብረው ያስቀምጡ፤ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማከማቻ፣ አንዱ ከማኅበሩ ቢሮ ውጭ።

ጥያቄ (ከባሕር ዳር)፦ ያመለከትኩበት ፕሮግራም የሥራ ናሙና ጠየቀኝ። የአያቴ ደብዳቤዎች አሉኝ። በምን መልክ ላቅርባቸው?

መልስ፦ አንድ ሳጥን ይበቃል። ላስቲኩን፣ አግራፉንና የዛገውን ሽቦ በጥንቃቄ ያውጡ፤ ስኮች የተለጠፈበትን ግን አይላጡ፣ ወረቀቱን ይዞት ይነሳል። የተገኙበትን ቅደም ተከተል ሳያፈርሱ በእርሳስ፣ በጥግ፣ ተራ ቁጥር ይስጡ። ከዚያ የዓለም አቀፉ የመዛግብት ምክር ቤት ኢሳድ-ጂ የተባለው ደረጃ ግድ የሚላቸውን ስድስት ነጥቦች ይሙሉ፤ መለያ ቁጥር፣ ርዕስ፣ ሰነዱን ያመነጨው ሰው፣ ቀን፣ መጠን፣ የአገላለጹ ደረጃ። ርዕሱ «ልዩ ልዩ ደብዳቤዎች» አይሁን፤ ማን ለማን፣ ስለ ምን እንደጻፈ ይናገር።

ሁለት ነገር ላይ ከማንም የተሻለ መሥራት ይችላሉ። አንደኛው ቀን ነው። ሰነዱ ላይ ያለውን የኢትዮጵያ ቀን እንዳለ ይጻፉ፣ ከጎኑ የአውሮፓውን ያድርጉ። ዓመት ብቻ ከሆነ፣ ለምሳሌ 1966 ዓ.ም.፣ 1973/1974 ይባላል እንጂ አንዱ አይመረጥም። ወር ካለ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት 7፣ ከዚያ በኋላ 8 ይደመራል፤ የካቲት 1966 በ1974 ላይ ይውላል። ቀን የሌለው ደብዳቤ በማዕረግ ሊታወቅ ይችላል። ተፈሪ መኮንን ንጉሥ የተባሉት በመስከረም 1921 ዓ.ም. ነው፤ ንግሥት ዘውዲቱ በመጋቢት 1922 ሲያርፉ ወደ ንጉሠ ነገሥትነት አልፈዋል። «ንጉሥ ተፈሪ» የሚል ቀን የለሽ ደብዳቤ ስለዚህ በእነዚያ 18 ወራት ውስጥ የመውደቁ ዕድል ሰፊ ነው። የገመቱትን ቀን በቅንፍ ያድርጉና ምክንያቱን በአንድ መስመር ይጻፉ።

ሁለተኛው ስም ነው። አበበ ከበደን «ከበደ፣ አበበ» ብለው ካገላበጡ ደብዳቤው የአባቱ ይሆናል። በራሱ ስም ይጀምሩ፣ ማዕረጉን ለብቻው ያስቀምጡ፣ በእንግሊዝኛው ቅጂ መግቢያ ላይም የቤተሰብ ስም እንደሌለን በአንድ ዓረፍተ ነገር ያስረዱ። መግለጫውን በአማርኛም በእንግሊዝኛም አዘጋጅተው ከ4 ገጽ ባልበለጠ ፒ.ዲ.ኤፍ. ይላኩ፤ ደብዳቤዎቹ ውስጥ በሕይወት ያለ ሰው የሕመም ወይም የቤተሰብ ጉዳይ ካለ ያንን ቁጥር «ዝግ» ብለው ይተዉት።